ትኩሳቷን የደበቁባት ሚኒባስ

ጭሮ ውስጥ መኪና የሚጠግን ሰው ሁሉ አንድ ቃል ያውቃል፤ ዳይሬክት። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን በሰዓቱ አልነሣ ካለ፣ ሙቀት ነጋሪውን አውልቆ ፋኑን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማገናኘት፤ ይኼ ዳይሬክት ነው። ቴርሞስታቱ ካስቸገረ ከነጭራሹ አውጥቶ መጣል፤ ይኼም ዳይሬክት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቶ አልጠፋ ካለ አምፖሉን መንቀል፤ ይኼንንም ዳይሬክት ብለው የሚጠሩ አሉ። ባለመኪናው መብራቱ ስለጠፋለት አመስግኖ ይሄዳል። ለምን እንደበራ የሚጠይቅ የለም። ቤቱ ሲጨስ አይቶ የጮኸለትን ጎረቤት አፉን በጨርቅ ጠቅጥቆ፣ ተመልሶ የሚተኛ ሰው እብድ ይባላል። ጋራዥ ውስጥ ሲሆን ግን ባለሙያ ይባላል።

ሳህሊቱ ይህን ቃል የሰማችው ገና በልጅነቷ ነው። ያስተማሯትም ጋሽ አምባው ናቸው።

አባቷ ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ የተሳቢ ሹፌር ነበር። መኪናው በተበላሸ ቁጥር የሚገባው ጋሽ አምባው ጋራዥ ስለነበር፣ ልጅቱ አባቷን ፍለጋ እየሄደች እዚያው ቀረች። መጀመሪያ መብራት ያዢ ሆነች፤ ቀጥሎ ሽቦ ላጪ፤ ቀጥሎ ጋሽ አምባው ዓይናቸው ደከም ሲል ፊውዝ ፈላጊ። ሰፈሩ "ሴት ልጅ ግሪስ ለብሳ ማን ያገባታል" ሲል ከረመ። አገባች፤ ወለደች፤ ሰፈሩም አፉን ዘጋ፤ እሷ ግን የኤሌክትሪክ መሞከሪያዋን፣ ቴስተሯን፣ አልጣለችም።

ከጋሽ አምባው የለያት ጠብ አይደለም። ጥያቄ ነው። እሷ "ለምን በራ?" ትላለች፤ እሳቸው "ጠፋ አይደል?" ይላሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ጋራዥ ውስጥ ማደር ሲያቅታቸው፣ ሳህሊቱ ከመናኸሪያው ጀርባ አሮጌ ኮንቴይነር ተከራይታ ወጣች። ያላወቀችውን ከስልኳ ተማረች። ሰውየው በህንድኛ ይናገር በቻይንኛ ግድ የላትም፤ እጁን ነው የምታየው። የት ነካ፣ ምን ለካ፣ ቁጥሩ ስንት አለ። ያልገባትን ደግማ ደጋግማ ታየዋለች፤ ከዚያ ወጥታ በራሷ እጅ ትሞክረዋለች። ደስ የማትል ሴት ናት፣ እውነቱን ለመናገር። ባለመኪናውን "ዝም ብለህ ቁም" ትላለች፤ ሥራ ያበላሸን ሰው በስሙ ጠርታ ትሰድባለች። ግን የነካችው መኪና በዚያው ሕመም አይመለስም።

ከዚያ የኤሌክትሪክ መኪኖች መጡ።

እንዴት እንደመጡ አገር ያውቃል። ነዳጅ ለሚሰለፍ ሕዝብ ነዳጅ የማይጠጣ መኪና ሲያሳዩት ምን ይበል? አብዱናስር የሚባል ሹፌር አይሱዙውን ሸጠ፤ ከአባቱ የደረሰውን የጫት ማሳም ጨመረበት፤ አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ገዛና ከጭሮ ሚኤሶ መሥመር ገባ። የሸጠለት ነጋዴ "ሞተር የላትም፣ ሞተር ከሌላት ሙቀት የላትም፣ ውሃ አትል ዘይት አትል" ብሎታል። ይህን ያለውን ሰው ዛሬ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ስልኩ አይነሣም። መኪናዋ የመጣችው በማያነቡት ፊደል ከተጻፈ መጽሐፍ ጋር ነው፤ መጽሐፉን የሚተረጉም፣ ሲበላሽ የሚጠግን፣ ዕቃ የሚያመጣ ሰው አብሮ አልመጣም። መሸጥ ብቻ ነበር የታሰበው። ሚኤሶ ሜዳ ላይ ቀትር የሚባል ነገር እንዳለ ለማንም አልታየውም።

ለሚኒባሷ ግን ታያት። ከጭሮ ቁልቁል ሚኤሶ ስትወርድ ደህና ናት። ቆላው ገብታ ስትመላለስ ውላ፣ ሰው ሞልታ ዳገቱን ሽቅብ ስትጀምር ግን ዳሽቦርዷ ላይ የኤሊ ምልክት ይበራል፤ ከዚያም እንደ ኤሊ ትሄዳለች። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይቀድማታል። መሥመሩ ላይ "ኤሊዋ" የሚል ስም ወጣላት። ረዳቱ "ጭሮ፣ ጭሮ" እያለ ሲጣራ ሰው "ዛሬ ነው ነገ የምትገባው?" ይለዋል።

አብዱናስር ወደ ሳህሊቱ ኮንቴይነር ይዟት መጣ።

"ምንድነው የምትልህ ይቺ?" አለች፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር የምታነብበትን መሣሪያ እየሰካች።

"አቦ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ኤሊ ታሳየኛለች። ኤሊ ነው እንዴ የገዛሁት?"

"ዛሬ አልነካትም። እዚህ ትደር፤ ጠዋት ሳትነሣ ነው የማያት።"

"ምን ልታይ?"

"ብርዱን።"

አብዱናስር ሳቀ፤ ግን አሳደራት። በነጋታው የጭሮ ብርድ ጆሮ እየቆነጠጠ፣ ሳህሊቱ መኪናዋን ሳታስነሣ የሙቀት ሴንሰሮቹን አነበበች። ነገሩ ቀላል ነው። ውጭ ያደረ ዕቃ ሁሉ ጠዋት ላይ አንድ ዓይነት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ባትሪው ውስጥ ያለው ሴንሰርም፣ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ቱቦ ላይ ያለውም፣ እሷ ራሷ የያዘችው ቴርሞሜትርም አንድ ቃል መናገር አለባቸው። ባትሪው ውስጥ ያለው ከእሷ ቴርሞሜትር ጋር ተስማማ። ቱቦው ላይ ያለው ግን ከዜሮ በታች አርባ አለ።

"ከዜሮ በታች አርባ" አለ አብዱናስር፣ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ። "በረዶ ሆናለች ማለት ነው?"

"በረዶ ሆና ቢሆን አንተም እዚህ ቆመህ አታወራም ነበር። ሽቦው ተበጥሶ ወይ ዝጎ ድምፁ ሲጠፋበት፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን የመጨረሻ ብርድ ነው የሚጽፈው። አልሰማሁም ማለቱ ነው።"

ሽቦውን በጣቷ ወዝወዝ ስታደርገው ቁጥሩ ዘለለ፤ ስትለቀው ተመልሶ አርባ ገባ። ሶኬቱን ነቀለችው፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል።

"ላቫጆ ከሥር ነው የምታሳጥባት?"

"ታዲያ ሰው በሞላበት ጭቃ ይዣት ልግባ?"

"በዚያ ጉልበተኛ ውሃ ሶኬቱን ሞላኸው።" ዝገቱን ጠረገች፤ ሽቦውን ቀየረች፤ ቱቦው ላይ ያለው ሴንሰርም የጠዋቱን ብርድ በትክክል ተናገረ። አብዱናስር ቁልፉን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። "አሁን ደግሞ እናሙቃት" አለች።

ዳገቱን አብረው ወረዱ፤ አብረው ወጡ። የራሷን ቴርሞሜትር ባትሪው ክዳን ላይ አስጠግታ በፕላስተር አስራዋለች። ኤሊዋ እንደገና በራች። የሳህሊቱ ቴርሞሜትርና የባትሪው ሴንሰር ግን እኩል ነበር የሚወጡት፣ እንደ ሁለት ምስክር። ወርዳ ከፊት ስታይ፣ የማቀዝቀዣው መረብ በአቧራና በማሽላ ገለባ ተለስኗል። ውሃውን የምታዞረው ትንሿ ፓምፕም እጅ ሲያደርጉባት ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትገፋም።

"ስማኝ" አለችው። "አንዱ ሴንሰር ይዋሽ ነበር፤ አስተካክዬዋለሁ። ሁለተኛው ግን እውነቱን ነው። ባትሪህ ግሏል። ፓምፗ ሞታለች። ሌላዋ ከድሬዳዋ ወይ ከአዲስ አበባ እስክትመጣ በቀትር ሚኤሶ አትውረድ።"

"እውነት የሚናገር ሴንሰር ምን ይሠራልኛል እኔ? የአሰቦት ገዳም ንግሥ ደርሷል እኮ። ሰው የሚጫነው አሁን ነው።"

"ሰው ስለሚጫን ነው የምልህ።"

አብዱናስር ክፉ ሰው አይደለም። ያለውን ሁሉ አንዲት ሚኒባስ ላይ የጫነ ሰው ነው። ፓምፗን አስጠየቀ፤ ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች ተባለ። ንግሡ ግን አይጠብቅም። በመጨረሻ መኪናዋን ወደ ጋሽ አምባው ነዳት።

ጋሽ አምባው የኤሌክትሪክ መኪና ከፍተው አያውቁም። ሽቦ ግን ሽቦ ነው። ከሹፌሩ ወንበር ሥር ወዳለው ሣጥን የሚገቡትን ቀጫጭን ሽቦዎች ለዩ፤ የሴንሰሮቹን ቆረጡ፤ በምትካቸው ሁሌ አንድ ዓይነት ምልክት የምትሰጥ ሬዚስተር አሰሩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መኪናዋ ምንም ብትሆን ሃያ አምስት ዲግሪ ነኝ ትላለች። ኤሊዋ ጠፋች። አብዱናስር ዳገቱን እንደ ንፋስ ወጣው። መናኸሪያው በሙሉ ጋሽ አምባውን አመሰገነ። "ያቺ ሴትዮ ስንት ቀን ቴርሞሜትር ስታስር ሰነበተች፤ ሽማግሌው በአንድ ፒንሳ ገላገለው" ተባለ። እንዲህ ነው። እውነቱን የነገረህን ትጠላለህ፤ ጆሮህን የደፈነልህን ትመርቃለህ።

ሳህሊቱ ያወቀችው በንግሡ ዋዜማ ቀትር ላይ ነው። ሚኒባሷ ከሚኤሶ ሽቅብ መጥታ መናኸሪያው በር ላይ ሰው ስታራግፍ አየቻት። በሩ ክፍት ስለነበር ጎንበስ ብላ መዳፏን የመኪናዋ ወለል ላይ አሳረፈች። ወዲያው አነሣችው። ወለሉ እንደ ምጣድ ግሏል። መሣሪያዋን ሰካች፤ ሃያ አምስት። ጥላ ውስጥ የቆመው ሰው እንኳ በላብ እየታጠበ ነበር።

"ማነው የነካት?" አለች።

አብዱናስር ዓይኑን ከእሷ ላይ አንሥቶ ወደ ጎማው ወሰደ። "ጋሽ አምባው ሠርተዋታል።"

"አልሠሯትም። አደነዘዟት።"

"ሳህሊቱ፣ ሥራሽን ሥሪ። አንቺ ያቃተሽን ነው የሠሩት።"

ሳህሊቱ ቀጥ ብላ ወደ ጋሽ አምባው ጋራዥ ሄደች።

ጋሽ አምባው በረንዳው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዱካ ላይ ዘርግተዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ ሰርክአዲስ ጎንበስ ብለው የባላቸውን የእግር ጣቶች አንድ በአንድ ያያሉ። ጋሽ አምባው ስኳር አለባቸው። ባለፈው ክረምት ጫማቸው ውስጥ የገባ ብሎን ሲረግጡ ውለው አልተሰማቸውም ነበር። እትዬ ሰርክአዲስ ካልሲውን ሲያወልቁ ነው ደሙን ያዩት። ቁስሉ አመርቅዞ ሁለት ጣታቸውን ሆስፒታል አስቀርተው መጡ። ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ እግራቸውን ሳያዩ ጫማ አያስደርጓቸውም፤ ጫማውንም ሳያራግፉ አይሰጧቸውም።

"ጋሽ አምባው፣ የአብዱናስርን ሚኒባስ ምን አደረጓት?"

"ገላገልኳት።"

"ከምን?"

"ካንቺ።" የጋራዡ ሰዎች ሳቁ።

ሳህሊቱ አልሳቀችም። "ሙቀቷን የሚናገረውን ቆርጠው ሬዚስተር ነው ያሰሩላት።"

"እና ሄደች ወይስ ቆመች?"

"ሄደች።"

"መኪና የሚሠራው ለመሄድ ነው፣ ልጄ። ይህን ያስተማርኩሽ መስሎኝ።"

"ናፍጣ ሲግል ጋስኬት ይበላል፣ ውሃ ይተፋል፣ ይቆማል። ይኼ ባትሪ ነው። ልክ ካለፈ ራሱ እሳት ይሆናል፤ ውሃ ቢደፉበት እሺ አይልም። ያለውም ተሳፋሪው ከተቀመጠበት ሥር ነው።"

"ማን ነገረሽ? ስልክሽ?"

"አዎ፣ ስልኬ። እርስዎንስ ማን ነገረዎት?"

ለእሳቸው እንዲህ ተመልሶላቸው አያውቅም። ጋሽ አምባው እግራቸውን ከዱካው አወረዱ።

"የሙያውን ሕግ ታውቂዋለሽ" አሉ ቀስ ብለው። "ሌላ ሰው የዘጋውን አትከፍቺም። እኔ ስዘጋ ደግሞ ጭራሽ። ያን ሣጥን ከነካሽ ከዚህ በኋላ የጭሮ ባለጋራዥ ሰላም አይልሽም።"

ሕጉ እውነት ነው፤ አለ። አንድ መካኒክ የነካውን መኪና ሌላው ያለ እሱ ፈቃድ አይከፍትም። መጀመሪያ የተሠራው አንዱ የሌላውን ደንበኛ እንዳይነጥቅ ነበር። አሁን ግን ስንቱን ጥፋት እንደሸፈነ እግዜር ይቁጠረው። ፍሬን ያለአግባብ የታሰረበት መኪና ገደል ሲገባ፣ ያየ መካኒክ ጠፍቶ አይደለም፤ "የእገሌ ሥራ ነው" ብሎ ኮፈኑን የከደነ ስላለ ነው። ይህንን መከባበር ይሉታል። የሚከባበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሚሞተው ግን ሦስተኛው ነው።

"ደግሞ ልንገርሽ" አሉ ጋሽ አምባው። "ነገ እኔና ሰርክአዲስ ለንግሥ በእሷው ነው የምንወርደው። የፊት ወንበር ይዘናል። የሠራሁትን የምፈራ መስሎሻል?"

"እርስዎ በነፍስዎ መወራረድ ይችላሉ። በሌላው ነፍስ ማን ፈቀደልዎ?"

ወጣች። እትዬ ሰርክአዲስ ቀና ብለው በዓይናቸው ሸኟት።

በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያው ነጭ ለብሷል። ነጠላው፣ ጧፉ፣ የጸበል ጀሪካኑ፤ ሰው በብርዱ እጁን በብብቱ ከቶ ይጋፋል። ነጯ ሚኒባስ ሞልታለች፤ መተላለፊያው ላይ ሳይቀር ዱካ ገብቷል። ጋሽ አምባው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀምጠዋል፤ እትዬ ሰርክአዲስ ከጎናቸው። አብዱናስር ዛሬ ቆላው ላይ እስኪመሽ ሊመላለስ አስቧል። ሳህሊቱ በተከፈተው በር ላይ ቆመች።

"ሑዘይፋ፣ ይቺን አታስወጣ" አለችው ተራ አስከባሪውን።

ሑዘይፋ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። "ምክንያት?"

"ባትሪዋ ይግላል፤ የሚናገረውን ቆርጠውታል።"

"አቦ ሳህሊቱ፣ የቆረጡት ሰውዬ ራሳቸው ተሳፍረዋል እኮ። ከሳቸው በላይ ምን ዋስትና አመጣልሽ?"

"አለመከበሯ ነው የሚያቃጥላት" አለ አብዱናስር ከመሪው ላይ። "ቅናት ነው። ዞር በይ፣ ልዝጋው።"

ከኋላ ወንበር አንዱ "ንግሣችንን ልታስቀር ነዋ የመጣችው፤ የሷ መች ሆነና" ብሎ አጉተመተመ። ይኼም አለ። ስለ ሽቦ ስትነግረው ስለ ሃይማኖት የሚሰማ። ሳህሊቱ ሰማችው። መሣሪያዋን ሰካችና ስክሪኑን ወደ ተሳፋሪው አዞረች።

"በርዷችኋል?" አለች።

አንዲት ሴት "ብርድማ ነው፣ አጥንት ይሰብራል" አለች፣ ነጠላዋን ወደ አገጯ ስባ።

"መኪናዋ ውጭ ነው ያደረችው። አልተነሣችም። አሁን ባትሪዋ እንደናንተው መብረድ አለበት። እሷ ግን ሃያ አምስት ትላለች፤ ሚኤሶ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ማለት ነው። ትናንት ቀትር ላይ ዳገቱን ወጥታ ወለሉ እጄን ሲፈጀኝም ያለችው ይህንኑ ነው። ሃያ አምስት። ሲበርዳትም፣ ሲሞቃትም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቆላ ውላ ሽቅብ ስትመጣም ይህንኑ ትላለች።"

"መሣሪያሽ ተበላሽቶ ይሆናላ" አለ አብዱናስር።

"ዳሽቦርድህን እየው። እሱም ተበላሽቷል?"

አብዱናስር አየ። ቀለም የተቀባች ይመስል የማትነቃነቀውን የሙቀት ምልክት አየ። ከጋሽ አምባው ጋራዥ ካወጣት ጊዜ ጀምሮ ሳትነቃነቅ እንደቆየች ያኔ ነው ልብ ያለው፤ ደስ ብሎት አላያትም ነበርና።

ያን ጊዜ እትዬ ሰርክአዲስ ከፊት ወንበር ዞር አሉ። "ልጄ፣ አይሰማትም እያልሽ ነው?"

"አይሰማትም፣ እትዬ።"

"ብትቃጠልም?"

"ብትቃጠልም።"

እትዬ ሰርክአዲስ ባላቸውን አላዩም። ያዩት የባላቸውን ጫማ ነው፤ ያን ጠዋት ጠዋት የሚያራግፉትን።

"አምባው" አሉ። "አንተ ነህ እንዲህ ያደረግሃት?"

"ሰርክዬ፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ አይገባሽም።"

"ይገባኛል። በየቀኑ በእጄ ይዤው የማየውን ነገር እንዴት አይገባኝ? ብሎን ረግጠህ ውለህ እየሳቅህ ገባህ። ደሙን ያየሁት እኔ ነኝ።" ድምፃቸው ከፍ አላለም። "ይህን እያወቅህ ሰው የሞላበት ላይ?"

ጋሽ አምባው ጋቢያቸውን አጥብቀው ተከናነቡ።

እትዬ ሰርክአዲስ የጸበል ጀሪካናቸውን አንሥተው ወረዱ። ብርዱ ላይ ቆሙ። ብርድማ ነው ያለችው ሴት ተከተለቻቸው። ከዚያ ዱካው ላይ የነበሩት። ከዚያ ሚኒባሷ እንደ ተቀደደ ጆንያ ፈሰሰች። ያጉተመተመው ሰውዬ የመጨረሻ ነበር፤ ሲወርድም እያጉተመተመ ነው።

መኪናዋ ውስጥ አብዱናስርና ጋሽ አምባው ብቻ ቀሩ።

ሳህሊቱ ፒንሳዋን ይዛ ነበር የመጣችው። ሕግ ሰብራ ሬዚስተሩን ልትቆርጥ ወስና ነበር። ጋሽ አምባው ግን ቀስ ብለው ወረዱ፤ ዞረው በሹፌሩ በር መጡ፤ አብዱናስርን በእጃቸው "ተነሥ" አሉት። ወንበሩን አነሡ። የገዛ እጃቸውን ሥራ ራሳቸው ቆረጡት። ሬዚስተሩን መሬት ላይ ጣሉት፤ ዳሽቦርዱ ላይ ኤሊዋ በራች።

"ይኸው" አሉ፣ ሳያዩዋት። "ቆመችልሽ።"

"ትቁም" አለች ሳህሊቱ።

የዚያን ቀን ያተረፈችው ስድብ ነው። ሰዎቹ በሌላ መኪና ተጠጋግተው ሄዱ፤ አሰቦት ሲደርሱ ታቦቱ ገብቶ ስለቆያቸው የረገሟት እሷን ነው። ስለ ነጋዴው ማንም አላነሣም። ፓምፕ ለመላክ ያን ያህል ስለጎተተው ሰው፣ መጽሐፍ በማያነቡት ፊደል ስለ ሰጣቸው፣ ቆላ ይኑር አይኑር ሳይጠይቅ ስለ ሸጠው ማንም አላነሣም። "ምንም ባልነበረ ነገር ሰው አጉላላች" ነው የተባለው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ጭሮ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፤ ቅጠሉን ይዞ የመጣውን ግን "የታለ እሳቱ?" ይሉታል። እሳቱ እስኪመጣ ከጠበቁ ደግሞ መልሰው "የት ነበርሽ?" ይላሉ። ያልተቃጠለ መኪና አስከሬን የለውም፤ አስከሬን ያላየ ሰው አያምንም።

ፓምፗ ንግሡ ካለፈ በኋላ መጣች። ሽቦዎቹን መልሳ የቀጠለችው፣ ፓምፗን የገጠመችው፣ የማሽላውን ገለባ ከመረቡ ያራገፈችው ሳህሊቱ ናት። አብዱናስር አላመሰገናትም፤ ይቅርታም አልጠየቀም። ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ። ጋሽ አምባው እስከ ዛሬ ሰላም አይሏትም። እትዬ ሰርክአዲስ ግን ገበያ ላይ ሲያገኟት እጇን ይዘው ጥቂት ይቆያሉ፤ ስለ መኪና አያወሩም፤ ስለ ልጇ ይጠይቋታል።

አሁን ሚኒባሷ ሚኤሶ ሜዳ ላይ ስትደርስ ፋኗ ይነሣል። ሲነሣ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው። አንድ ቀን ሳህሊቱ ራሷ ተሳፍራ እያለች፣ ከመሃል የተቀመጠ የጫት ነጋዴ ስልክ ማውራት አቅቶት ተማረረ።

"አብዱናስር፣ ይህንን ነገር ዝም አታሰኝልንም? ጋሽ አምባው አንዴ ቢነኩት..."

"ይጩህ አቦ" አለ አብዱናስር፣ በመስታወቱ ሳያያት። "ዝም ሲል ነው የምፈራው።"

ሳህሊቱ መስኮቱን ነበር የምታየው። ፈገግ አላለችም። ከፊታቸው ዳገቱን ሽቅብ የሚወጣ ሌላ ሚኒባስ አለ፤ እሱም ነጭ፣ እሱም የኤሌክትሪክ፣ የበዴሳ ሰው የገዛው። ባለፈው ሳምንት ኤሊ እያሳየ መንገድ ላይ ቆሞ አይታዋለች። ዛሬ ሰው እስከ አፉ ሞልቶ፣ በዚህ ቀትር፣ ያለ አንዳች ድምፅ ይበራል።

ጭሮ ሲገቡ እሱም መናኸሪያው ውስጥ ቆሟል። ሹፌሩ እግሩን ሰቅሎ ያርፋል። ሳህሊቱ ከአብዱናስር መኪና ወረደች፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ ክፍቱ በር ሄደች፤ መዳፏን ወለሉ ላይ አሳረፈች፤ ወዲያው አነሣችው።

"ምን ፈለግሽ?" አለ ሹፌሩ።

"ማነው የነካልህ?"

"ምን አገባሽ?"

"ወንበሩን አንሣው" አለችው።